ድንጋዩ ከአሸዋው በፊት
ቆፋሪ ሽሪምፕን በቤት ገንዳ ስለማኖር የቀረበ ትምህርት

የባሕር ውሃና ኮራል ያለበት የመስታወት ገንዳ ቤታችሁ ካለ፣ ወይም ልታቆሙ ካሰባችሁ፣ ይህ ትምህርት ለእናንተ ነው። የምንማረው ስለ አንዲት የጣት ርዝመት ስለማትሞላ ፍጥረት፣ ስለ ቆፋሪዋ ተኳሽ ሽሪምፕ ነው። አካሏ ትንሽ ነው፤ ሥራዋ ግን ትንሽ አይደለም። አሸዋ ስትዝቅ፣ ጠጠር ስትሸከም፣ ጉድጓዷን ስትጠርግ ትውላለች። ስትቆፍር ደግሞ ከላይዋ ምን እንደተቀመጠ አትመረምርም። ሰባትና ስምንት ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ቢሆንም ሥሩን ትፈለፍላለች። ድንጋዩ ሲንሸራተት መጀመሪያ የምትደቀቀው እርሷ ናት፤ ቀጥሎ ኮራሉ ይሰበራል፤ ሲከፋም መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። ሽሪምፗን ከመቆፈር ልንከለክላት አንችልም፣ ልንከለክላትም አይገባም። የእኛ ድርሻ ብትቆፍርም የማይፈርስ ቤት ማዘጋጀት ነው። ይህም የሚሆነው ድንጋዩ አስቀድሞ በገንዳው ወለል ላይ ሲቆም፣ አሸዋውም ከዚያ በኋላ በዙሪያው ሲፈስ ነው። በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ምን እንደሚገጥመው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እዚህ ግን ነገሩ ምሳሌ አይደለም፤ ቃል በቃል ነው።

ለምን ትቆፍራለች ቢሉ፣ ሌላ መሸሸጊያ ስለሌላት ነው። የጀርባዋ ቅርፊት ወደ ፊት ተዘርግቶ ዓይኖቿን እንደ ቆብ ይሸፍናቸዋል፤ የማየት ኃይሏም ደካማ ነው። ሜዳ ላይ ብትቀር የመጣው ዓሣ ሳታየው ይበላታል። ስለዚህ ኑሮዋ ከመሬት በታች ነው፤ ጉድጓዱ በየቀኑ ይደረመሳል፣ እርሷም በየቀኑ ታድሰዋለች። በባሕር ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ዋሻ ርዝመት አንዳንዴ ከአንድ ሜትር ያልፋል። በገንዳ ውስጥ ይህን ሁሉ ቦታ ስለማታገኝ፣ ያለውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ታዳርሰዋለች።

ተኳሽ የተባለችው በጉጠቷ ነው። ሁለቱ ጉጠቶቿ አቻ አይደሉም፤ አንዱ ቀጭን መቆንጠጫ ነው፣ ሌላው ግን እስከ ሰውነቷ ግማሽ ይደርሳል። ይህን ትልቁን ጉጠት ከፍታ በቅጽበት ስትዘጋው፣ በመሐሉ ያለው ውሃ በሰከንድ ወደ 25 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወረወራል። ከውሃው ፍጥነት የተነሣ ግፊቱ ይወርድና አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ተመልሶ ሲፈርስ ጩኸቱ ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ድምፁ የሚመጣው ሁለቱ የጉጠት አካላት ሲጋጩ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ቨርስሉስና ሎህሰ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ጩኸቱ የአረፋው መፍረስ መሆኑን አሳዩ። በዓመቱ ደግሞ አረፋው በሚፈርስበት ቅጽበት ደካማ ብርሃን እንደሚታይና በውስጡ ያለው ሙቀት ቢያንስ 5,000 ኬልቪን እንደሚደርስ ገለጹ። ቦታው እጅግ ጠባብ፣ ጊዜውም እጅግ አጭር ስለሆነ ውሃውን አያሞቅም።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ «ታዲያ መስታወቱን አትሰብረውም?» ይላል። በቤት ገንዳ የምናኖራቸው ዝርያዎች በተኩሳቸው ወፍራሙን መስታወት ይሰብራሉ ብላችሁ አትስጉ። የሚያሰጋው ጩኸቷ ሳይሆን ዝምታዋ ነው። ድምፅ ሳታሰማ ከድንጋዩ ሥር የምታወጣውን አሸዋ ፍሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁ ጉጠቷ በጠብ ወይም በአደጋ ቢቆረጥ፣ ትንሹ ጉጠት ቅርፊቷን በለወጠች ቁጥር እያደገ ተኳሽ ይሆናል፤ በተቆረጠው ቦታ ደግሞ አዲስ ትንሽ ጉጠት ይበቅላል። ግራና ቀኟ ይለዋወጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጉጠት ያጣች ሽሪምፕ ብታዩ አብቅቶላታል አትበሉ፤ ምግብና ጸጥታ ስጧት።

በአልፌየስ ስም የሚጠሩት ሽሪምፖች ከ300 ዝርያ በላይ ናቸው፤ ጎቢ ከሚባል ዓሣ ጋር በአንድ ጉድጓድ የሚኖሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ለቤት ገንዳ በብዛት የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አንዷ ቡናማ ዝንጉርጉር ያላት፣ ነጋዴዎች «ነብር» የሚሏት አልፌየስ ቤሉለስ ናት፤ ሌላዋ አነስ ያለች፣ ቀይና ነጭ ቀለበት የተሳለባት አልፌየስ ራንዳሊ ናት። ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያዋን ነው፤ ጠንካራ ናት፣ ዓሣ ጓደኛም ቶሎ ታገኛለች። በእኛ አካባቢ ባሕር የምትኖር ዘመዳቸውም አለች፤ ስሟ ከጅቡቲ የተወሰደ ነው፣ አልፌየስ ጅቡቴንሲስ ትባላለች። ሉተር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ሽሪምፕና ስለ ጎቢ ዓሣ ሽርክና የጻፈው በቀይ ባሕር ስላያት ስለዚችው ዝርያ ነበር። በኋላም ኢላን ካርፕለስ የተባለ ተመራማሪ በኤላት ባሕረ ሰላጤ ይህንኑ ሽርክና ለዓመታት አጥንቷል።

አሁን ወደ ሽርክናው እንግባ፤ የነገሩ ውበት እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉብኝ።

ጎቢ ዓይኑ የበራ ዓሣ ነው፤ መቆፈር ግን አይችልም። ሽሪምፗ ቆፋሪ ናት፤ ማየት ግን አይሆንላትም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ፤ እርሷ ቤት ትሠራለች፣ እርሱ ዘበኛ ይሆናል። ጠዋት መብራት ሲበራ ከገንዳው ፊት ተቀመጡና እዩ። መጀመሪያ የሚወጣው ዓሣው ነው። ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ግራ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ ግማሽ አካሉን አውጥቶ በደረቱ አሸዋው ላይ ይተኛል። ጥቂት ቆይቶ ከኋላው ሁለት ቀጫጭን ጢሞች ብቅ ይላሉ። ሽሪምፗ በሁለት ጉጠቶቿ መሐል የአሸዋ ክምር ይዛ፣ እንደ ጫኝ መኪና እየገፋች ትመጣለች። ከበሩ ወጥታ ክምሩን ስታፈስ አንዱ ጢሟ ከዓሣው ጅራት ወይም ጎን አይነሳም። ዓይነ ስውር የመሪውን ትከሻ እንደሚይዝ ያለ ነው። ዓሣው የሚያጠራጥር ነገር ሲያይ ጅራቱን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፤ እርሷም የያዘችውን ጥላ ወደ ኋላ ትገባለች። አደጋው ከቀረበ እርሱ ራሱ በጭንቅላቱ ተወርውሮ ይገባል። ዓሣው በር ላይ ከሌለ ግን አትወጣም። ሲመሽ ሁለቱም ይገባሉ፤ በሩም ብዙ ጊዜ ይደፈናል፤ በነጋታው እንደገና ይከፈታል።

ይህን አንድ ቀን ያየ ሰው ቁፋሮውን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። ለዚህም ነው «አሸዋውን ቀንሱላት፣ እንዳትቆፍር» የሚለውን ምክር የማልቀበለው። አሸዋ የተከለከለች ሽሪምፕ ከድንጋይ ስንጥቅ ተወሽቃ ትኖር ይሆናል፤ ኖረች ለማለት ግን ይከብደኛል። ጓደኛዋን በተመለከተ፣ ለቤት ገንዳ ከሁሉ የሚቀለው ቢጫው ዘበኛ ጎቢ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክሪፕቶሴንትረስ ሲንክተስ ነው። ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ የቀዘቀዘ ምግብም ያለ ችግር ይበላል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ ሥራ እንመለስ። እኔ ሥርዓቱን የተማርኩት በዋጋ ነው። የመጀመሪያውን ገንዳ ሳቆም አሸዋውን አስቀድሜ አነጠፍኩ፤ ድንጋዩ አሸዋ ውስጥ ትንሽ ሰመጥ ሲል የተረጋጋ ይመስላልና። በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት ከሳሎን ከባድ ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱ ተርፏል፤ ትልቁ ድንጋይ ግን ወደ ጎን ተጋድሞ የጉድጓዱን በር ደፍኖት ነበር። ሽሪምፗን ከሥሩ አወጣኋት፣ ሞታለች። ዓሣው ሁለት ቀን ሙሉ ከተደረመሰው በር አጠገብ አልተነሳም። አሸዋው ላይ ተኝቶ ጅራቱን ወደ ቀድሞው በር አዙሮ ይጠብቅ ነበር። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ገንዳው ባዶና ደረቅ ሳለ፣ በወለሉ መስታወት ላይ የፕላስቲክ ፍርግርግ አንጥፉ፤ ለመብራት መሸፈኛ የሚሸጠው ነጩ ፍርግርግ ይበቃል። ጥቅሙ የድንጋዩን ክብደት በአንድ ነጥብ ላይ ከማረፍ አውጥቶ ማከፋፈሉ ነው። በላዩ ሰፊና ጠፍጣፋ ሥር ያላቸውን ድንጋዮች አስቀምጡ። እያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ በሦስት ነጥብ ይረፍ፤ የቤታችን ጉልቻም ሦስት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከቻላችሁ ዋናዎቹን ድንጋዮች አምስት ወይም ሰባት ሴንቲ ሜትር በሚሆኑ አጫጭር የፕላስቲክ ቧንቧ እግሮች ላይ አቁሟቸው። ይህን አብልጬ እወደዋለሁ፤ አሸዋው ሲፈስ እግሮቹ ይሸፈናሉ፣ እርሷ ደግሞ በእግሮቹ መካከል የተዘጋጀ አዳራሽ ታገኛለች። ሁሉን አሸዋ ብታወጣ እንኳ ድንጋዩ ከቦታው አይነቃነቅም። የላይኞቹን ድንጋዮች ለባሕር ገንዳ በሚሆን ኢፖክሲ ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ከታችኞቹ ጋር እሰሯቸው። ከመስታወቱ ግድግዳም አራርቋቸው፤ ቢንሸራተቱ የሚመቱት መስታወት አይኑር።

ገንዳው አስቀድሞ ቆሞ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ከሆነስ? ያኔ ሽሪምፗን ከመግዛታችሁ በፊት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንሡ፣ አሸዋውን ከሥራቸው ጥረጉ፣ ወለሉን እስኪነኩ አውርዳችሁ መልሷቸው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ አድካሚ ሥራ ነው። እንዲያው እየወዘወዙ ማስመጥ ግን አይበቃም፤ ከሥሩ የታመቀ አሸዋ ይቀራል፣ እርሷም ያንኑ ፈልጋ ታወጣዋለች።

አሸዋውን በተመለከተ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ዱቄት የመሰለ ብቻ አይሁን። ደቃቅ አሸዋ፣ ሻካራ አሸዋ፣ የኮራል ስባሪና የዛጎል ቁርጥራጭ ተቀላቅሎ ይፍሰስ። ምክንያቱም ደቃቁ አሸዋ ብቻውን ጣሪያ አይሆንም፣ ተመልሶ ይናዳል። እርሷ ግን ግንበኛ ናት፤ ስባሪውን ለምሰሶ፣ ጠፍጣፋውን ዛጎል ለጉበን፣ ደቃቁን ለመምረጊያ ታደርገዋለች። አንድ እፍኝ የኮራል ስባሪ ከበሩ አጠገብ ጣሉላትና በማግስቱ ተመልከቱ፤ አብዛኛው ተለቅሞ በቦታው ተሰክቶ ታገኙታላችሁ።

ዓመታት ያስቆጠረና ማንም ነክቶት የማያውቅ ጥልቅ አሸዋ ያለበት ገንዳ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእንደዚህ ያለው አሸዋ ሥር ኦክስጅን ያልደረሰበት ጥቁር ንብርብር ይኖራል፤ ሲታወክ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ለሽሪምፗ ሲባል በክፍል በክፍል አዲስ አሸዋ መተካት ይሻላል።

የምታወጣው አሸዋ የሚያርፍበትም ቦታ አለ። ወለል ላይ የተቀመጠ ኮራል በአንድ ሌሊት ሊቀበር ይችላል፤ ስለዚህ ኮራላችሁን ወደ ድንጋዩ ከፍ አድርጉት። ያልተጣበቀ የኮራል ቁራጭ ካለማ ለእርሷ የግንባታ ዕቃ ነው። ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ቁራጭ ጎትታ ከበሯ ላይ ብትመርገው አትዘኑባት፤ አስቀድማችሁ አጣብቁት። የውሃ ፓምፕ አፉን ወደ አሸዋው አይመልስ፣ ማሞቂያውም አሸዋ ውስጥ አይቀበር።

የውሃውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ለኮራል የሚስማማው ለእርሷም ይስማማል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨውነቱ 35 ግራም በኪሎ ወይም በአንጻራዊ ጥግግት መለኪያው 1.025 እና 1.026 መካከል ይሁን፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ይሁኑ። አንድ ነገር ግን በትልቁ ልጻፍ፤ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ፈጽሞ ወደዚህ ገንዳ አይግባ። ዓሣውን የሚያድነው መድኃኒት ሽሪምፗን ይገድላታል። የታመመ ዓሣ ካለ በሌላ ገንዳ ይታከም።

ሽሪምፗን ወደ ቤት ስታመጡ ከነከረጢቷ ገልብጣችሁ አታፍስሷት። የጨውነት ድንገተኛ ለውጥ ዓሣ ከሚችለው በላይ እርሷን ይጎዳታል። በቀጭን ቱቦ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አለማምዷት። ከዚያ መብራቱን አደብዝዙ፣ ፓምፑን አቁሙ፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ከውሃው በላይ እስከ ድንጋዩ ሥር አድርሳችሁ በጣታችሁ ትንሽ ጉድጓድ ክፈቱላት፣ በቧንቧው ውስጥም ቀስ ብላችሁ አውርዷት። ጎቢውንም በዚያው መንገድ አስከትሉ። በገንዳው ሁለት ዳር ቢለቀቁ ለመገናኘት ሳምንታት ሊፈጅባቸው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ትጠፋለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሳትታይ ትቆያለች፣ ባለቤቱ «ሞታለች» ብሎ አሸዋውን በእጁ ይቆፍራል፣ ቤቷንም በላይዋ ያፈርሳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሌሊት ጣት ሲንጣጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ከሰማችሁ አለች። በሩ ላይ አዲስ የአሸዋ ክምር ካያችሁ አለች። ከበሩ ውጭ ባዶ ቅርፊቷ ወድቆ ብታገኙም ሬሳ አይደለም፤ አሮጌውን ገፋ አዲስ ለብሳለች። አዲሱ እስኪጠነክር ለስላሳና መከላከያ የሌላት ስለሆነች ተደብቃ ትቆያለች። ያኔ ከምንም በላይ የሚያስፈልጋት የማይናድ ጣሪያ ነው።

ምግቧ ቀላል ነው። የሚሰምጥ እንክብል፣ ማይሲስ የሚባለው ሽሪምፕ መሰል የቀዘቀዘ ምግብ፣ አልፎ አልፎም የሽሪምፕ ሥጋ ቁራጭ ከበሩ አጠገብ በቱቦ አድርሱላት። የተረፈውን ዓሣው ሲያነሣ፣ አንዳንዴም ጎትቶ ወደ ጉድጓዱ ሲያስገባ ታያላችሁ።

ጎረቤትን መምረጥ ግን ግዴታ ነው። አንበሳ ዓሣ፣ ትሪገር፣ ነፊ ዓሣና በእንግሊዝኛ ሬስ (wrasse) የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ሽሪምፕ በሊታ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር አታኑሯት። በአንጻሩም ከደቃቅ ሽሪምፖች ጋር ብታኖሯት በሯን ሲረግጡ ልትተኩስባቸው ትችላለች። አሸዋ የሚያበጥሩ ሌሎች ጎቢዎች በተለይ በትንሽ ገንዳ አይስማሟትም። ለአንድ ሽሪምፕና ለአንድ ጎቢ 75 ሊትር ገንዳ ይበቃል፤ ክዳኑ ግን አይረሳ፣ ጎቢ ሲደነግጥ ከውሃ ይዘላልና።

ስማቸው የሚያሳስቱ ሁለት ፍጥረቶችንም ለዩ። ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው በትክክል ሽሪምፕ አይደለም፤ አዳኝ ነው። ሳታስቡት ከድንጋይ ጋር ተደብቆ ሊገባ ይችላል፤ ሌሊት የሚሰማው ድምፅም ከተኳሿ ጋር ይመሳሰላል። መምቻ ክንድ ያለው ዓይነት ቀንድ አውጣና ሸርጣን ቅርፊት ይሰብራል፤ የሰውን ጣት ያቆስላል። ዓሣና ቀንድ አውጣ እየጎደለባችሁ ከሆነ እርሱን ጠርጥሩ፣ ለብቻው ገንዳ ስጡት፣ ድንጋዩንም ባዶ እጃችሁን አትንኩ። ሁለተኛው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ለመንጠቆ ማባበያ የሚሸጠው የጭቃ ሽሪምፕ ነው። ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ጠልቆ የሚቆፍር የጭቃ ነዋሪ ስለሆነ፣ ርካሽ ነው ብላችሁ ለኮራል ገንዳ አትግዙት።

እንግዲህ ገንዳ ልታቆሙ ያሰባችሁ ሰዎች አንድ ነገር አድርጉልኝ። ድንጋዩን ከደረደራችሁ በኋላ፣ አሸዋውን ከማፍሰሳችሁ በፊት፣ እጃችሁን ከላይኛው ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ በአራቱም አቅጣጫ ግፉት። ከተነቃነቀ አሸዋው በከረጢቱ ይቆይ፤ ድንጋዩን አፍርሳችሁ እንደገና ደርድሩ።